ሰርጀሪ ሬዚደንት ነኝ፣ አይሲዩ ተመደብኩ፣ ምን ላርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር እንዴት ነዎት? የሰርጀሪ ሁለተኛ አመት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምሰለጥን ሀኪም) ነኝ። ሆስፒታላችን ወረርሽኝ ቢመጣ ማን የት እንደሚገባ ዝርዝር አውጥቶ ስሜን አይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) ላይ አየሁት። ቬንትሌተር (የሚያስተነፍሰውን ማሽን) ነክቼ አላውቅም፣ በኮቪድ ጊዜ የነበሩት ሲኒየሮቻችን ደግሞ ብዙም ሳይሰለጥኑ ገብተው እንዴት እንደተቸገሩ ነው የሚነግሩን። በኔ አለማወቅ ሰው ቢሞትስ? ኦፕሬሽን ሳልሰራስ ስልጠናዬ ቢያልፍ? እምቢ ማለት እችላለሁ ወይ?

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ እንደውም ምንም ሳይፈራ የሚገባው ነው። እምቢ ከማለትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቂ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የበሽተኛዬ ኦክስጅን ሲወርድ የምደውልለት የአይሲዩ ሲኒየር ማነው? ስሙ ካለ፣ ሲጠራም የሚመጣ ከሆነ፣ ግቢ እልሻለሁ። ከሌለ ግን ለፕሮግራም ዳይሬክተርሽ አሁኑኑ በጽሁፍ አሳውቂ። በ2020 የአሜሪካን ሬዚደንሲ የሚቆጣጠረው ኤሲጂኤምኢ በወረርሽኙ ምክንያት ብዙ ህግ አላልቶ ነበር፣ ስልጠናና መከላከያ፣ የሲኒየር ክትትል እና የስራ ሰዓት ገደብን ግን አልነካም፣ አንቺም በነዚህ አትደራደሪ።

ደግሞ አይሲዩ ራሱ ከየት መጣ ብለሽ ብታይ፣ በ1952 ኮፐንሃገን ላይ ፖሊዮ ሲነሳ ትንፋሻቸው የሚቆም ብዙ ህመምተኞች መጥተው የሚያስተነፍስ ማሽን አልበቃ አለ፣ ያኔ ቢዮርን ኢብሰን የሚባል የአኔስቴዥያ ሀኪም ጉሮሯቸው ላይ ቲዩብ አስገብቶ አየሩ በእጅ ይሰጥ አለ፣ የሕክምና ተማሪዎች ናቸው በፈረቃ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ቀንና ሌሊት ባጉን ሲጨምቁ የነበሩት። ብዙ ሰው ተረፈ። ተማሪዎቹ ስፔሻሊስት አልነበሩም፣ ግን አንድ ግልጽ ስራ ተሰጥቷቸው ከበላያቸው የሚያውቅ ሰው ነበረ።

ያንቺ ግልጽ ስራ የቱ እንደሆነ ልንገርሽ። ሴንትራል ላይን (ትልቅ ደም ስር ውስጥ የሚገባ ቱቦ)፣ ቼስት ቲዩብ (ደረት ውስጥ የሚገባ ቱቦ)፣ ትራኪኦስቶሚ (አንገት ላይ የሚከፈት የመተንፈሻ ቀዳዳ) ላይ ማገዝ፣ እዚህ ላይ እጅሽ ከብዙዎቹ ይሻላል። በጣም የታመመ ሳንባ ያለውን በሽተኛ በሆዱ ማስተኛት ደግሞ አለ፣ ቢያንስ 16 ሰዓት እንደዛ ይቆያል፣ ለመገልበጥ አምስት ስድስት ሰው ይፈልጋል፣ ራስጌ የቆመው የመተንፈሻ ቲዩቡን ጨብጦ ይቆጥራል፣ እሱ ሳይቆጥር ማንም አይነቃነቅም፣ ከተገለበጠ በኋላ አይኑ ተጭኖ እንደሆነ፣ ደም ስሩ ላይ የገባው ላይን ተጎትቶ እንደሆነ ይታያል። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቦታ ይህን የሰሩት ኦፕሬሽን የተሰረዘባቸው የሰርጀሪ ቡድኖች ናቸው። ለቤተሰብ መደወልም ትልቅ ስራ ነው፣ መግባት ለተከለከለ ቤተሰብ ያቺ ስልክ ሁሉ ነገር ናት።

ቬንትሌተሩን ብቻሽን አታስተካክይ። ቢያንስ ግን ይህን እወቂ፣ የተጎዳ ሳንባ ብዙ አየር ሲገፋበት ይብስበታል፣ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው የሚሰጠው፣ ኪሎው ደግሞ ከቁመትና ከጾታ የሚሰላው ነው፣ ሚዛን ላይ ያለውን ኪሎ ከወሰድሽ ወፍራም ሰው ላይ ሳንባውን ከመጠን በላይ ትነፊዋለሽ። የአይሲዩ ነርሶቹ ይሄ ሁሉ በእጃቸው ነው፣ አንዷ «ዶክተር ይሄ ቁጥር ደስ አላለኝም» ስትልሽ የያዝሽውን ትተሽ ሂጂ። ዝርዝሩ ከወጣ አሁን ወረርሽኝ በሌለበት ጥቂት ዱቲ እዛ ለመውጣት ጠይቂ፣ በጭንቅ መሃል መማር ከባድ ነው።

ስለ ስልጠናሽ፣ በ2020 እንግሊዝ ውስጥ እድገታቸው በወረርሽኙ የተስተጓጎለ ሰልጣኞች ጥፋተኛ እንዳይባሉ «አውትካም 10» የሚባል ልዩ ውጤት ተፈጥሮላቸው ነበር። እናንተም ቀድማችሁ ጠይቁ፣ አይሲዩ የቆየሽበት ጊዜ ሎግቡክሽ (የሰራሽው የሚመዘገብበት ደብተር) ላይ እንዴት ይመዘገባል፣ የጎደለው ኦፕሬሽን መቼ ይካካሳል፣ ስንት ሳምንት ቆይተሽ ትመለሻለሽ፣ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይኑር። እምቢ ማለትን በተመለከተ፣ የጤና ችግር ወይም እርግዝና ካለ ዝርዝሩ ሳይጸድቅ ዛሬ ተናገሪ፣ ሌላ ስራ ይፈለግልሻል።