ሲፒኤስ፣ የቤተሰብ ፍርድ ቤት እና የወላጆች አቤቱታ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከዋሽንግተን ዲሲ የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያነሡት የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቶችን፣ ሰዉ በተለምዶ ሲፒኤስ የሚላቸውን፣ እና የቤተሰብ ፍርድ ቤቶችን ነው። የጸሐፊዎቹን ስም አስቀርተናል። መዝገብ የተከፈተበት ወላጅ ይህን አምድ በጠበቃ ምትክ እንዳይወስደው አደራ እንላለን።

ጥያቄ፦ ልጄ እግሩ ላይ ሰንበር ታይቶበት መምህርቱ ስትጠይቀው አባቱ በቀበቶ እንደገረፈው ተናገረ። የዚያኑ ዕለት ማታ የሲፒኤስ ሠራተኛ ቤታችን መጣች። ደንግጬ አስገባኋት። ልጁ ለጊዜው አክስቱ ዘንድ ይሁን የሚል ወረቀትም ፈረምኩ። የማስገባት ግዴታ ነበረብኝ? የፈረምኩትስ ምንድን ነው?
*አንዲት እናት፣ ቨርጂኒያ*

መልስ፦ ሠራተኛዋ ቤትዎ የምትገባው እርስዎ ሲፈቅዱላት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ስትይዝ፣ ወይም ልጁ በዚያች ሰዓት አደጋ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ሲኖር ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሌለ ግዴታ አልነበረብዎትም። ይሁን እንጂ በሩን ጠርቅሞ መዝጋትም ዋጋ ያስከፍላል፤ ሠራተኛዋ ዳኛ ዘንድ ሄዳ ትእዛዝ ልትጠይቅ ትችላለች። ልምድ ያላቸው ጠበቆች የሚመክሩት መካከለኛውን መንገድ ነው። ደጅ ወጥቶ በጨዋ ቃል ማነጋገር፣ ስሟንና የአለቃዋን ስልክ መቀበል፣ ልጁ ደኅና መሆኑን በር ላይ እንድታይ ማድረግ፣ ስለ ነገሩ ዝርዝር ግን "ጠበቃ ይዤ እመልሳለሁ" ማለት። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ሠራተኛዋ መጀመሪያ ስትገናኝዎት የቀረበብዎትን ክስ ፍሬ ነገር እንድትነግርዎት ያስገድዳል። ማን እንደጠቆመ ግን አይነገርዎትም። መምህርቷንም አይቀየሙ። ጥርጣሬዋን ካላሳወቀች ራሷ በሕግ ትጠየቃለች። በቨርጂኒያ ሠራተኛዋ ልጁን ያለ ወላጅ ፈቃድና ወላጅ በሌለበት ማነጋገር ስለምትችል፣ ልጁን "እንዲህ በል" ብሎ ማስጠናት ራስን መጉዳት ነው፤ ወዲያው ይታወቃል።

የፈረሙት ሴፍቲ ፕላን ይባላል። በስሙ የውዴታ ስምምነት ነው። አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ፍርድ ቤት ስላላየው ዳኛም ሆነ የተመደበ ጠበቃ የለም፣ ቀነ ገደብም ላይኖረው ይችላል። ልጆች በእንዲህ ያለ ወረቀት ብቻ ለብዙ ወራት ከወላጅ ተለይተው ይቆያሉ። የለውጥ ጠያቂ ወላጆች በምሬት የሚናገሩበት ጉዳይ ነው፤ እኛም እውነት አላቸው እንላለን። ዛሬውኑ ለሠራተኛዋና ለአለቃዋ ኢሜይል ይጻፉ። የወረቀቱን ቅጂ፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ ልጁን የሚያዩበትን ሰዓት፣ እንዲሁም ስምምነቱን ቢያፈርሱ መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁ። መልሱ "ፍርድ ቤት እንሄዳለን" ከሆነ ያ ለእርስዎ ሁልጊዜ ክፉ ዜና አይደለም። በቨርጂኒያ ልጅ በአስቸኳይ ትእዛዝ ከቤት ከወጣ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት።

ስለ ቀበቶው ግን በግልጽ እንናገር። በአሜሪካ ስቴቶች ሁሉ ወላጅ "በመጠኑ" በእጁ ቢቀጣ በራሱ ወንጀል አይሆንም። ቀበቶ፣ ገመድ ወይም አለንጋ ገብቶ ሰንበር ወይም ቁስል ሲተው ግን ነገሩ ከቅጣት ወደ በደል ይሻገራል። ባለቤትዎ ዛሬውኑ ያቁሙ። በራሳቸው ተነሣሥተው የወላጅነት ሥልጠና ቢጀምሩ ማስረጃ ይሆንላቸዋል፤ ከዚያ በላይ ግን ለልጁ ይበጀዋል።

በመጨረሻ የሚደርስዎትን ደብዳቤ ሳይከፍቱ አያስቀምጡ። የእርስዎ ጉዳይ የቤተሰብ ምዘና በሚባለው መንገድ ከተያዘ ውሳኔም ሆነ ማዕከላዊ መዝገብ ላይ፣ ማለትም ልጅ በድለዋል የተባሉ ሰዎች ስም በሚያዝበት መዝገብ ላይ፣ መስፈር የለም። ምርመራ ከሆነና "ተረጋግጧል" ከተባለ ግን በቨርጂኒያ ስምዎ እንደ ጥፋቱ ደረጃ 3፣ 7 ወይም 18 ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል፤ ለወሲባዊ ጥቃት ደግሞ ከዚያም በላይ። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በሕፃናት መዋያና በአረጋውያን እንክብካቤ ስለሚሠሩ፣ ልጃቸው ቤት ከተመለሰም በኋላ ሥራ የሚያሳጣቸው ይህ መዝገብ ነው። ደብዳቤው በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔው እንዲታይ ለአካባቢው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። እነሱ ካልቀየሩት ለስቴቱ ይግባኝ ሰሚ ለማቅረብ ሌላ 30 ቀን አለዎት። ሜሪላንድ ያላችሁ አንባቢያን ገደባችሁ 60 ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት የመደቡልኝ አስተርጓሚ አማርኛው የተሰባበረ ነው። "ተስማማ" አለኝና ተስማማሁ። በኋላ ጥፋቴን እንዳመንኩ ተቆጠረ።
*አንድ አባት፣ ዋሽንግተን ዲሲ*

መልስ፦ ጉዳትዎ የደረሰው ስቲፑሌት በሚለው ቃል ይመስለናል። ዳኛው ወይም ጠበቃው "ስቲፑሌት ታደርጋለህ?" ሲል "የተጻፈብህን እንደ እውነት ትቀበላለህ? ከዚህ በኋላ ምስክር አይሰማም" ማለቱ ነው። በአማርኛ "ትስማማለህ?" ተብሎ ሲተረጎም አባት "ከእናንተ ጋር ለመተባበር" የተጠየቀ ይመስለዋል። "መታሁት" የሚለው ቃላችንም እንዲሁ ያጠምዳል፤ እጁን ቸብ ማድረግንም በዱላ መደብደብንም በአንድ ቃል ይይዛል። ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ክፉው ይመረጣል። ስለዚህ ጠበቃዎ መናገር አለብዎት ሲልዎት በምን፣ የት ላይ፣ ስንት ጊዜ ብለው ለይተው ይናገሩ።

በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ስለሚሸፍን የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ፣ ዋና ዋና ሰነዶቻቸውንም መተርጎም አለባቸው። በሌሎች ስቴቶችም ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ይገደዳል። ልጅዎን አስተርጓሚ እንዲያደርጉ ቢጠየቁ እምቢ ይበሉ። ትርጉሙ ከተዛባ እዚያው ችሎቱ ላይ እጅዎን አንሥተው "አልገባኝም፣ አስተርጓሚ ይቀየርልኝ፣ ይህም ይመዝገብልኝ" ይበሉ። ያልተመዘገበ ቅሬታ ይግባኝ ላይ ብዙም አይረዳም። ያለፈውን ለማቃናት ጠበቃዎ የችሎቱን የድምፅ ቅጂ አውጥቶ ሌላ ብቁ አስተርጓሚ እንዲያዳምጠው ያድርግ።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆቼ ፎስተር ኬር፣ ማለትም በመንግሥት በኩል ጊዜያዊ አሳዳጊ ዘንድ፣ ከገቡ 11 ወር ሆናቸው። ያዘዙኝ የወላጅነት ክፍል ማታ ነው፤ እኔ ደግሞ የምሠራው ሌሊት ነው። ለሌላ ሰዓት ወረፋ ያዝ ተባልኩ። የክርስትና እናታቸው ልውሰዳቸው ብላ መልስ የሰጣት የለም። አሁን "15 ወር" እያሉ ያስፈራሩኛል።
*አንድ አባት፣ ሜሪላንድ*

መልስ፦ ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም፣ ሕግ ነው። በ1997 የወጣው የጉዲፈቻና የአስተማማኝ ቤተሰብ ሕግ፣ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በፎስተር ኬር ካሳለፈ ስቴቱ የወላጅነት መብት እንዲሰረዝ እንዲያመለክት ያዛል። ቆጠራው የሚጀምረው ዳኛው በደል ወይም ቸልተኝነት አለ ብለው ከወሰኑበት ቀን ወይም ልጁ ከቤት በወጣ በ60ኛው ቀን ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው ይያዛል። እንግዲህ የእርስዎ ቢያንስ 9 ወር ያህል ተቆጥሯል፣ የቀረው ቢበዛ 6 ወር ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ቆጠራው በጀመረ በ12 ወር ውስጥ የልጆቹ ዘላቂ ማረፊያ የሚወሰንበት ችሎት አለ። የእርስዎ ትልቁ ቀጠሮ ይህ ነው።

ሕጉ ሦስት መውጫዎች አሉት። ልጁ ዘመድ ዘንድ ሲሆን፣ መብቱን መሰረዝ ለልጁ እንደማይበጅ አሳማኝ ምክንያት በመዝገቡ ሲጻፍ፣ እና መሥሪያ ቤቱ በእቅዱ ያስቀመጠውን አገልግሎት በጊዜው ሳያቀርብ ሲቀር። ሦስተኛው እርስዎን ይመለከታል። ነገር ግን "ወረፋ ያዝ አሉኝ" ብሎ በቃል መናገር አይበቃም። በየሳምንቱ ጉዳይዎን ለያዘው ሠራተኛ (ኬዝ ወርከር) አጭር ኢሜይል ይጻፉ፦ "የምሠራው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ነው፤ የቀን ክፍል በዚህ ቀን ጠይቄያለሁ፤ መልስ አላገኘሁም።" ከአሠሪዎ የሥራ ሰዓትዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ያያይዙ። ክፍሉን በራስዎ ፈልገው ካገኙ አስቀድመው ይቀበሉት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ወላጆች ገንዘብና ሳምንታት ካፈሰሱ በኋላ "ይህ ድርጅት አይታወቅም" የሚባሉበት ጊዜ ብዙ ነው። የልጆቹን ጉብኝት በደብተር ይያዙ፦ ቀኑን፣ የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት፣ ከተሰረዘ የሰረዘውን ሰው። ዳኛ ፊት ከወላጅ ፍቅር መግለጫ ይልቅ ይህ ደብተር ይናገራል።

ስለ ክርስትና እናታቸው፦ የ2008 የፌዴራል ሕግ መሥሪያ ቤቱ ልጅ ከቤት በወጣ በ30 ቀን ውስጥ አዋቂ ዘመዶችን ፈልጎ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አበልጅ በደም ዘመድ አይደለችም፤ ሆኖም ብዙ ስቴቶች ከቤተሰቡ ጋር የጠበቀ ትስስር ያለውን ሰው እንደ ዘመድ ይቀበላሉ። አሜሪካዊ ሠራተኛ አበልጅነት በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ አያውቅምና ይጻፉለት፦ ልጆቹን ከጥምቀታቸው ጀምሮ ታውቃቸዋለች፣ ቋንቋቸውን ትናገራለች፣ ይህን ያህል መኝታ ቤት አላት። የጻፉትን ለልጆቹ ጠበቃም ይላኩ። ሠራተኛው ዝም ያለውን የልጆቹ ጠበቃ ችሎት ላይ ሊያነሣው ይችላል።

መብትዎን ለመሰረዝ ስቴቱ "ግልጽና አሳማኝ" ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 በሳንቶስኪ መዝገብ ይህን ወስኗል። ያው ፍርድ ቤት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በላሲተር መዝገብ ለወላጅ ጠበቃ መመደብ በሁሉም ጉዳይ ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ አይደለም ብሎ ነበር። አብዛኞቹ ስቴቶች ዛሬ በራሳቸው ሕግ ይመድባሉ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ጠበቃውን ወላጁ የሚያገኘው ችሎቱ በር ላይ መሆኑ ነው። በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ከተማ ጥናት ከጠበቃው ጋር ሶሻል ወርከር አብሮ የቆመላቸው ወላጆች ልጆች በአማካይ 118 ቀን ያህል ቀድመው ከፎስተር ኬር እንደወጡ አሳይቷል። ፌዴራል መንግሥቱም የእንዲህ ያለውን ጥብቅና ወጪ በከፊል ለስቴቶች ይተካል። ለውጥ የምትጠይቁ ወላጆች ይህን ጥያቄ ከፊት ብታስቀምጡት ደስ ይለናል።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በልጅ አሳዳጊነት ተከራክረን ዳኛው አዳላብኝ። ዳኛውን የት ልክሰስ?
*አንዲት እናት፣ ቨርጂኒያ*

መልስ፦ መጀመሪያ ይግባኝ፣ ክሱ ቆይቶ ይደርሳል። ስለ ዳኛ ምግባር የሚመለከተው አካል አቤቱታዎን ቢቀበል እንኳ ፍርዱን አይቀይርም። በቨርጂኒያ የወጣቶችና የቤተሰብ ግንኙነት ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ይግባኝ የሚባለው በ10 ቀን ውስጥ ነው፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደ አዲስ ከምስክር ጀምሮ ያየዋል። ብዙ ሰው ይህን መብት የሚያጣው በማዘንና በመማከር ቀኑ እያለቀበት ነው። የታችኛው ፍርድ ቤት የችሎቱን ቃል ስለማይመዘግብ፣ የተባለውን ማስረዳት የሚፈልግ የራሱን ጸሐፊ ይዞ መግባት አለበት። ለልጁ የተመደበው ጠበቃ፣ ጋርዲያን አድ ላይተም የሚባለው፣ ልጁን በአካል ማግኘቱን ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ካላገኘው በይግባኙ ላይ ይጥቀሱት።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ወላጆች ተሰብስበናል። ለዳኛው ደብዳቤ ጻፍን፣ ለኮንግረስ አባላችን ጻፍን፣ ሰልፍም ወጣን። የሰማን የለም። ሥርዓቱ እንዲለወጥ ምን እናድርግ?
*የወላጆች ስብስብ፣ ሜሪላንድና ዲሲ*

መልስ፦ ያንኳኳችሁት የሚከፈት በር አይደለም። ዳኛ በያዘው ጉዳይ ላይ ከአንድ ወገን ብቻ የሚመጣ ደብዳቤ ማንበብ አይፈቀድለትም። ኮንግረስ የገንዘቡን ደንብ ያወጣል እንጂ "ቸልተኝነት" ምን ማለት እንደሆነ፣ ጥቆማ እንዴት እንደሚጣራ፣ መዝገቡ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወስነው ስቴቱ ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት በጥር ወር ሁለተኛ ረቡዕ ይከፈታል፣ ለ90 ቀን ይሠራል። በዚያ ጊዜ ረቂቅ ይዞ መምጣት አርፍዶ መምጣት ነው፤ እንደራሴዎች የሚያቀርቡትን የሚያዘጋጁት በበጋውና በመከር ነውና በነሐሴ ቀጠሮ ያዙ። የዲሲ ምክር ቤት ደግሞ በየዓመቱ ክረምት መውጫ ላይ፣ በየካቲትና መጋቢት አካባቢ፣ መሥሪያ ቤቶቹን ጠርቶ ይጠይቃል፤ ማንኛውም ነዋሪ ተመዝግቦ መናገር ይችላል።

ከመግባታችሁ በፊት ግን እርስ በርስ ተለያዩ። ቅር እንዳትሰኙ። ልጁን ሲፒኤስ የወሰደበት ወላጅና ከቀድሞ ትዳር ጓደኛው ጋር የሚከራከር ወላጅ የሚፈልጉት ሕግ የተለያየ ነው። አንዳንዴም ይጋጫል። የመጀመሪያው የጥቆማው ደጃፍ እንዲጠብብ ይሻል። ሁለተኛዋ፣ በተለይ ጥቃት ደርሶባት የሸሸች እናት፣ ዳኛው የልጅን ጥቆማ ቸል እንዳይል ትፈልጋለች፤ በ2022 በፌዴራል ሕግ የገባው የኬይደን ሕግ የሚባለው የዳኞችን ሥልጠና ለማጠናከር ስቴቶችን የሚያበረታታው ለእንደዚህ ያሉት ነው። ሁለቱን በአንድ አቤቱታ ብትጽፉት የኮሚቴው አባል አንብቦ ምን እንደምትፈልጉ አያውቅም።

ለሲፒኤሱ ወገን የተሳኩ ምሳሌዎች አሉ። ቴክሳስ በ2023 መርማሪው መጀመሪያ ሲገናኝ የወላጅን መብት በቃልም በጽሑፍም እንዲናገር አስገደደች። ኒው ዮርክ ከ2022 ጀምሮ ስም መዝገብ ላይ ለማስፈር የሚጠይቀውን የማስረጃ ሚዛን ከፍ አደረገች፤ የቸልተኝነት መዝገብም ከ8 ዓመት በኋላ ለአሠሪዎች እንዳይታይ አደረገች። ሁለቱም ጠባብና ሊጻፉ የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው። "ሲፒኤስ ይዘጋ" የሚል ግን ሊደገፍ አይገባም፤ በእውነት የሚሠቃይ ልጅ አለ፣ የሚደርስለትም ያስፈልጋል። ሆኖም በፌዴራል ሪፖርቶች በደል ደረሰባቸው ከተባሉት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የተመዘገቡት በቸልተኝነት ነው። እዚያ ውስጥ ባዶ ፍሪጅ፣ የሕፃን መዋያ ማጣት፣ የሁለት ሥራ ድካም ከእውነተኛ ቸልተኝነት ጋር ተደባልቀው ይገኛሉ። በሜሪላንድ ሕግ ዕድሜው ከ8 በታች የሆነ ልጅ ቢያንስ የ13 ዓመት ሰው ሳይኖር ብቻውን ቤት መተው አይቻልም፤ ሌሊት የምትሠራ እናት ይህን ባለማወቅ ትያዛለች። ድህነትን ከቸልተኝነት የሚለይ አንድ ዓረፍተ ነገር በሕጉ ውስጥ እንዲገባ መጠየቅ ከብዙ ሰልፍ ይበልጣል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ በር አለ። የፌዴራል ሕግ ስቴቶች የሕፃናት ጥበቃውን የሚመረምሩ የዜጎች ቡድኖች እንዲያቋቁሙ ያዛል። ቡድኖቹ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይሰበሰባሉ፣ በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣሉ፤ ስቴቱም በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ከእናንተ አንዱ ወይም ሁለቱ አባልነት ይጠይቁ። ዲሲ ደግሞ የሕፃናት ጉዳይ እምባ ጠባቂ ስላላት የግለሰብ አቤቱታ ወደዚያ ይሂድ።

ምስክርነት ስትሰጡ የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው። የረቂቁን ቁጥር፣ ትደግፉት ወይም ትቃወሙት እንደሆነ፣ አንድ ጉዳይ ከነቀኑ፣ በመጨረሻም የትኛው ቃል እንዲቀየር እንደምትፈልጉ ተናገሩ። የልጃችሁን ስም አትጥሩ፣ የመዝገቡንም ገጽ በይፋ አታሳዩ፤ የልጆች መዝገብ ምስጢር ስለሆነ ጉዳያችሁ ገና ያልተዘጋ ሰዎች በራሳችሁ ላይ መዘዝ ታመጣላችሁ። በአማርኛ የሚናገር ሰው ካለ አስተርጓሚ ሲጠይቅ ጊዜው እጥፍ እንዲሆንለት አብሮ ይጠይቅ፣ የተተረጎመውንም ጽሑፍ ከዋዜማው በፊት ለኮሚቴው ይላክ።