ለበጎቼ ሳይከፈለኝ የቀረው የኮሮና ድጎማ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው በሚኒሶታ፣ ኖብልስ ካውንቲ፣ ዎርዚንግተን ነው። ማታ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ቀን በተከራየሁት መሬት ላይ በግ አረባለሁ። በቀደም አሳማ አርቢው ጎረቤቴ በ2020 መንግሥት በኮሮና ምክንያት አሳማውን ቆጥሮ ገንዘብ እንደከፈለው አጫወተኝ። ያን ጊዜ 30 ጠቦት ነበረኝ፤ እኔ ግን ሰባራ ሳንቲም አላገኘሁም። ስደተኛ ስለሆንኩ ይሆን? ግሪን ካርድ አለኝ። አሁንስ መጠየቅ እችላለሁ?
በግ አርቢው

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንጀቴን በላኸው። መጥፎውን ላስቀድም፤ በሩ ተዘግቷል። የዚያን ድጎማ ማመልከቻ መቀበል ያቆሙት ኦክቶበር 12 ቀን 2021 ነው። የቀረብህ ግን በስደተኛነትህ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ገበሬ እንደ ዜጋው ማመልከት ይችል ነበር።

እኔም እዚሁ ሚኒሶታ በግ ስለማረባ የደረሰኝን ልቁጠርልህ። ድጎማው የተሰጠው በሁለት ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር ሁለት ዓመት ላልሞላው በግ ሁለት ዋጋ ነበረው፤ ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለተሸጠው 33 ዶላር፣ ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 ጉረኖ ውስጥ ለነበረው 7 ዶላር። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ኤፕሪል 19 ነው! ደንበኞቼ 12 ጠቦት ቀደም ብለው ወሰዱ፤ በ16ኛው ቀን 22ቱ ገና ጉረኖ ነበሩ። ለ12ቱ 396፣ ለ22ቱ 154፣ በድምሩ 550 ዶላር ሆነ። ያው ጠቦት፣ ያው የፋሲካ ገዢ፣ በአንድ ሌሊት 33ቱ ዶላር 7 ሆነ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሁለተኛው ዙር ይሻላል፤ ለበግ 27 ዶላር ነበር፣ የሚቆጠርበትንም ቀን ከኤፕሪል 16 እስከ ኦገስት 31 ካለው ገበሬው ራሱ ይመርጣል። እኔ ኤፕሪል 16ን መርጬ በ22ቱ 594 ዶላር አገኘሁ።

በጎረቤትህ አትቀየም። ያን ሰሞን ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ብዙ አሳማ አርቢ የሚያስረክብበት አጥቶ የደከመበትን እንስሳ ገድሎ ቀብሯል። የሚከፈለው በቁጥር ስለነበር ብዙ ያለው ብዙ ወሰደ፤ ለአንድ ሰው ጣሪያው በየዙሩ 250,000 ዶላር ነበር። ይህ ለትንሹ ገበሬ አልታሰበም ብዬ አምናለሁ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን 30 ጠቦት የነበረው አንተ ወሬውን እንኳ ሳትሰማ መቅረትህ ነው።

እኔ የሰማሁት መዝገብ ስለነበረኝ ነው። ቀደም ሲል ለአጥር የሚሆን አነስተኛ ብድር ልጠይቅ ድጎማውን የሚያስተናግደው የመንግሥት የእርሻ መሥሪያ ቤት፣ የካውንቲው የፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ ቢሮ ሄጄ ስሜን አስመዝግቤ ነበር። በ2020 ቢሮው ለባለጉዳይ ተዘግቶ ሁሉም ነገር በስልክ ሲሆን፣ ማስታወቂያው ፖስታ ሳጥኔ ድረስ መጣልኝ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ደውለህ ቀጠሮ ያዝ። መታወቂያህን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን፣ የባንክ ሒሳብህንና የመሬቱን የኪራይ ውል ይዘህ ሂድ፤ ኪራዩ በቃል ብቻ ከሆነ ከባለመሬቱ ጋር ዛሬውኑ ተጻጻፉ። "የእርሻ ቁጥር እፈልጋለሁ" በላቸው፤ እርሻህ መዝገባቸው ላይ የሚታወቅበት ቁጥር ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ አስተርጓሚ እንዳላቸው ጠይቅ። ግጦሹንም አስመዝግብ፤ ድርቅ ሲመጣ ለበግ የሚከፈል የግጦሽ ካሣ አለ፣ ግን መሬቱ መዝገብ ላይ ከሌለ አይሰጡህም።

ለፋሲካና ለገና በጥሬ ገንዘብ የምትሸጠውንም ስንት በግ፣ በስንት፣ በየትኛው ቀን እያልህ በደብተር ያዝ። ቢሮው ማስረጃ አምጣ ሲለኝ ያሳየሁት ሰማያዊ የልጄ ደብተር ነበር፤ የ12ቱ ጠቦቶች ቀን እዚያ ላይ ተጽፏል።