እስከ ዓለቱ መቆፈር

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ስድስት ጥያቄዎች ከተለያዩ አንባቢዎች የመጡ ቢሆኑም መነሻቸው አንድ ነው፦ የክርስቶስን ትምህርት ማወቅና በእርሱ መኖር ለምን ይራራቃሉ?

ጥያቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ ስብከት ስሰማ አድጌአለሁ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን ዛሬም እንደ ድሮው እቆጣለሁ፣ እንደ ድሮው እጨነቃለሁ። የማውቀው ለምን ወደ ኑሮዬ አይወርድም? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ጌታ የተራራውን ስብከት የዘጋው በዚሁ በእርስዎ ጥያቄ ነው። በማቴዎስ 7፥24-27 አንዱ በዓለት፣ ሌላው በአሸዋ ላይ ቤት የሠሩት ሁለቱም ሰዎች ቃሉን ሰምተዋል። አንዱ አደረገው፣ ሌላው አላደረገውም፤ ልዩነታቸው ይኸው ብቻ ነው። ሉቃስ ደግሞ በ6፥48 ልባሙ ሰው «አጥልቆ የቆፈረ» መሆኑን ይነግረናል። ቁፋሮ አድካሚ ነው፤ ሲያልቅም ለማንም አይታይም። ብዙዎቻችን የምንዘለው ለዚህ ነው።

ያዕቆብ በ1፥22-24 ሰምቶ የማያደርገውን ሰው ፊቱን በመስተዋት አይቶ ወዲያው ከሚረሳ ሰው ጋር ያመሳስለዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ራሱን እንደሚያስትም ይናገራል። ማሳቱ ወዴት እንዳለ ልብ ይበሉ። ቃሉ ሲነካን ልባችን ይሞቃል፤ ያ ሙቀት የታዘዝን ያህል ስለሚሰማን ረክተን እንነሣለን። ሰኞ ጠዋት ግን በእጃችን ላይ የሚደረግ ነገር የለም።

ስለዚህ እንዲህ ይጀምሩ። ከማቴዎስ 5 እስከ 7 ያሉትን ሦስት ምዕራፎች በአንድ መቀመጫ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ። በጠቅላላው 111 ቁጥሮች ናቸው፤ ከግማሽ ሰዓት አይበልጡም። ደስ ያሰኝዎትን ሳይሆን የቆነጠጥዎትን አንድ ቦታ ምልክት ያድርጉበት። ለሁለት ሳምንት ከእርሱ አይለፉ። ከዚያ በወረቀት ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ በውስጡ ሰው፣ ሰዓትና ድርጊት ይኑሩበት። «ትዕግሥተኛ እሆናለሁ» የሚለው አይሠራም፤ ማታ ላይ ማድረግዎንና አለማድረግዎን ማንም ሊለይ አይችልም። «ከሥራ ገብቼ ልጄ ስለ ውሎዋ ስታወራኝ፣ ስልኬን አስቀምጬ እስክትጨርስ ሳላቋርጥ እሰማታለሁ» የሚለው ግን አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ነው።

ማታ ከመተኛትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ወስደው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ አደረግሁት? ካላደረግሁት ምን ቀደመኝ? ነገ ምን ልለውጥ? ዋናው ሁለተኛው ነው። ለአሥር ቀን ሲጽፉት የሚቀድምዎት ነገር ምን እንደሆነ ራሱ ይወጣል፦ ድካም፣ ረኀብ፣ ከአንድ ሰው ጋር የሚደረግ የስልክ ንግግር፣ ያልተከፈለ ዕዳ። ቁጣውን ብቻ እየገሠጹ ምንጩን ከተዉት በየቀኑ ከአንድ እንቅፋት ጋር ይጋጫሉ። ጸሎትዎም «ጌታ ሆይ፣ ለውጠኝ» ከሚል ጥቅል ልመና ወጥቶ ያንን ምንጭ በስሙ ይጥራ።

ሥራውን ከሚያበላሹት መካከል የመጀመሪያው ብዙ መጀመር ነው፤ አምስት ትእዛዝ በአንድ ሳምንት የያዘ ሰው አምስቱንም ይጥላል። ሁለተኛው ከሌላው ጥፋት መነሣት ነው። «ባለቤቴ ሲያከብረኝ አከብረዋለሁ» ማለት የራስን ምሰሶ ትቶ የሌላውን ጉድፍ ማውጣት ነው (7፥3-5)። ሦስተኛው ማውራት ነው። ገና በሦስተኛው ቀን ለሰው የተነገረ ጾምና ምጽዋት ዋጋውን እዚያው ተቀብሏል (6፥1-18)። አንድ ቀን ካመለጠዎት በነጋታው እጥፍ ለማድረግ አይነሡ፤ ያንኑ ዐረፍተ ነገር እንደገና ያንብቡና ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ እንዲህ በዝርዝር መያዝ በሥራ ለመዳን መሞከር አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፤ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ እንጂ። ኤፌሶን 2፥8-9 መዳን በጸጋ የተሰጠ ስጦታ መሆኑን ይናገራል፤ ወዲያው ቁጥር 10 ደግሞ ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን ይነግረናል። ሥራው ዋጋ መክፈያ አይደለም፤ የተሰጠን ሕይወት የሚንቀሳቀስበት መንገድ ነው። የተሳሳተ መንገድ ላይ መሆንዎን የሚያውቁበት ምልክት አለ፦ ሲሳካልዎት ያልተሳካላቸውን መናቅ ከጀመሩ፣ ሲያቅትዎት ደግሞ ከጸሎት መሸሽ ከጀመሩ፣ ሥራውን መታመኛ አድርገውታል።

ጥያቄ፦ ክፉኛ የበደለኝን የቅርብ ዘመዴን ይቅር ብያለሁ ብዬ ጸልያለሁ። ሳየው ግን ቁስሉ ያመረቅዛል። ይቅርታዬ ሐሰት ነው ማለት ነው? እንደ ቀድሞው ልቀርበውስ ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተቋጥረዋል፤ አንድ በአንድ እንፍታቸው። ይቅርታ እርስዎ ብቻዎን በእግዚአብሔር ፊት የሚወስኑት ነው። ዕርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሉቃስ 17፥3 ወንድምህን ገሥጸው፣ ቢጸጸት ይቅር በለው ሲል የበዳዩንም ድርሻ አስቀምጧል። አመኔታ ደግሞ ጊዜና ማስረጃ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ታዟል። ለሁለተኛው በርዎን ክፍት ያድርጉ፤ ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ይላልና ከእርስዎ በኩል ያለውን ይፈጽሙ። ሦስተኛውን በአንድ ቀን ስጥ የሚል ትእዛዝ የለም።

በማቴዎስ 18፥23-35 ያለውን የዕዳ ምሳሌ በቁጥር ቢያሰሉት ብዙ ያስተምራል። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር (20፥2)። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይመጣል። ንጉሡ የተወለት የፊተኛው ባሪያ ዕዳ እልፍ (10,000) መክሊት፣ ማለትም 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ነው፤ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 200,000 ዓመት ይፈጅበታል። ባልንጀራው የነበረበት ግን 100 ዲናር ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የባልንጀራው ዕዳ ኢምንት ነው ብሎ ያልፋል። እኛ እንዲህ አንልም። የመቶ ቀን ደመወዝ ለድሃ ሠራተኛ ቤት የሚያናጋ ገንዘብ ነው። ጌታ የደረሰብዎትን በደል አላቃለለም፤ ከተተወልዎት ጋር አስተያየው እንጂ።

ስለዚህ ይቅርታን «ምንም አልሆንኩም» በማለት አይጀምሩት። ያልተቆጠረ ዕዳ አይሰረዝም። የተደረገውን ስድብና ግምት ሳይጨምሩ ይጻፉት። ምን እንዳሳጣዎት ከሥሩ ያስፍሩ፦ ገንዘብ፣ ስም፣ እንቅልፍ፣ ዓመታት። ከዚያ በጸሎት ቆመው፣ «ይህን ዕዳ ከእንግዲህ ከእገሌ አልጠይቅም» ብለው ስሙን ጠርተው ይናገሩና ወረቀቱን ይቅደዱት። ቁስሉ ሲመለስ ይቅርታው ፈርሷል ማለት አይደለም። ጴጥሮስ እስከ ሰባት ጊዜ ልተውለት ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» የሚለው መልስ ለአንዱ በደል ደጋግሞ መመለስም ይሠራል። በተመለሰ ቁጥር ውሳኔውን እንደ አዲስ አይመርምሩት፤ «ይህ ተዘግቷል» ይበሉና ለዚያ ሰው አንድ የተለየ መልካም ነገር ይለምኑለት፦ ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ሥራውን (5፥44)። ታሪኩንም ለሚያማክርዎት ሰው ካልሆነ በቀር አይደጋግሙት፤ በተወራ ቁጥር የተሰረዘው እንደገና ይመዘገባል።

ልታነጋግሩት ከተቻለ ደግሞ የማቴዎስ 18፥15-17ን ቅደም ተከተል ይጠብቁ፦ መጀመሪያ ብቻ ለብቻ፣ ካልሰማ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ ከዚያ በኋላ ወደ ማኅበሩ። እኛ ብዙ ጊዜ ከታች ወደ ላይ እንሄዳለን፤ ዘመድ ሁሉ ከሰማ በኋላ በዳዩ ራሱ ይሰማል። ያን ጊዜ የሚመልሰው ለበደሉ ሳይሆን ለሐሜቱ ነው። በጽሑፍ መልእክት ሳይሆን በአካል ይሁን፤ «አንተ ሁልጊዜ» ብለው አይጀምሩ፤ አንድ ቀንና አንድ ድርጊት ይጥቀሱ፣ ከዚያም «አንተ እንዴት ታየዋለህ?» ብለው ዝም ይበሉ።

አንድ ነገር በጥብቅ እንናገራለን። በደሉ ድብደባ፣ ዛቻ ወይም በልጅ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ከሆነ፣ ይቅርታ ከእጁ ሥር ተመለሱ አይልዎትም። ወደ ደኅና ቦታ መሄድና ለሕግ መናገር በቀል አይደለም። ሮሜ 12፥19 አትበቀሉ ካለ በኋላ፣ ቀጥሎ በ13፥4 ክፉ አድራጊን ለመቅጣት የተሾመ ባለሥልጣን እንዳለ የሚናገረው ያው ጳውሎስ ነው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ራሱ ቢሮ ተቀምጦ «የለም በይ» ይለኛል። አንዳንዴም ያልተፈጸመ ሥራ እንደተፈጸመ አድርጌ እንድፈርም ይጠይቀኛል። እምቢ ብል ሥራዬን አጣለሁ ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ሁለቱን ይለያዩዋቸው። ለመጀመሪያው እውነተኛና ጨዋ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «አሁን ሊያነጋግሩዎት አይችሉም፤ መልእክት ልቀበልዎት?» ይህ ውሸት የለበትም፣ አለቃዎንም አያጋልጥም። ፊርማው ግን ማምለጫ ቃል የለውም።

ለዚህ ዳንኤል 1፥8-14ን ይመልከቱ። ዳንኤል በንጉሡ ምግብ አልረክስም ብሎ አስቀድሞ በልቡ ወሰነ፤ ቀጥሎ በአክብሮት ለመነ፤ አለቃው ሲፈራ ደግሞ እርሱ ለሾመው ጠባቂ የአሥር ቀን ሙከራ አቀረበ። እምቢታው አማራጭ ይዞ ነበር። እርስዎም ወረቀቱ ጠረጴዛዎ ላይ ሳይደርስ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ «ይህን ባልተሠራበት መፈረም አልችልም፤ የተሠራውንና የቀረውን ለይቼ እስከ ነገ ላቅርብልዎት» ይበሉ። በስብሰባ መካከል የተነገረ እምቢታ አለቃውን በሰው ፊት ያዋርደዋልና ነገሩ ከእውነት ወደ ክብር ፀብ ይዞራል። ዋጋውንም አስቀድመው ያስሉ (ሉቃስ 14፥28)፦ ከቤተሰብዎ ጋር ይነጋገሩ፣ ያለ ደመወዝ ስንት ወር እንደምትቆዩ ይቁጠሩ፣ ሌላ ሥራ መጠየቅ ይጀምሩ። ሳያስቡት የመጣ ዋጋ ሰውን ወደ ኋላ ይመልሳል።

በዚህ መካከል በትንሹ ይለማመዱ። ገና ከቤት ሳይወጡ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ» ማለትን ያቁሙ። «አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም» (ማቴዎስ 5፥37) የሚፈተነው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ በተቻለኝ ሁሉ እየታዘዝኩ ሳለሁ ሕመምም ማጣትም በአንድ ዓመት ደረሱብኝ። መሠረቴ አሸዋ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ ስለደረሰብዎት ከልብ እናዝናለን። መሠረትዎን በዝናቡ አይመዝኑት። ማቴዎስ 7፥25ንና 27ን ጎን ለጎን ቢያነቡ ዝናቡ፣ ጎርፉና ነፋሱ በሁለቱም ቤት ላይ በተመሳሳይ ቃል ተጽፈዋል። በዓለት ላይ ለሠራው ሰው ማዕበል እንደማይደርስበት ቃል አልተገባለትም።

በዚህ ወቅት አዲስ ልምምድ አይጀምሩ። ረጅም ጸሎት ካልቻሉ መዝሙር 13ን (በአንዳንድ ዕትሞች 12) ጠዋትና ማታ ያንብቡ፤ በአጭሩ መዝሙር ውስጥ «እስከ መቼ» ደጋግሞ ይነሣል፤ ያ ጩኸት ራሱ ጸሎት ነው። ሊረዳዎት የሚፈልግ ሰው «ምን ላድርግልህ?» ሲል «ምንም» አይበሉ። ገላትያ 6፥2 ሸክምን ተሸካከሙ የሚለው አሸካሚም ተሸካሚም ሲኖር ነው። «ማክሰኞ ወደ ሐኪም ቤት አብረኸኝ ሂድ» ይበሉ። ሊያጽናኑ የምትሄዱ አንባቢዎቻችንም የኢዮብን ወዳጆች አስቡ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አደረጉ (2፥13)፤ ምክንያቱን ማስረዳት ሲጀምሩ ግን አቆሰሉት።

ጥያቄ፦ ከዓመታት በፊት ከቀድሞ አሠሪዬ ገንዘብ ወስጃለሁ። ማንም አላወቀብኝም፤ ንስሐም ገብቻለሁ። መመለስ አለብኝ?

መልስ፦ አዎ። ዘሌዋውያን 6፥1-5 የሰረቀ፣ በአደራ የካደ፣ የወደቀ አግኝቶ የሸሸገ ሰው ዋናውን ከነአምስተኛው እጅ ጨምሮ ለባለቤቱ ይመልስ ይላል። 1,000 ከነበረ 1,200 ማለት ነው። ዘኬዎስ ከዚህም አልፎ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃስ 19፥8)፤ ማንም አላዘዘውም፣ ደስታው ነው ያናገረው። ስሌቱ ሕግ ሆኖ አያስጨንቅዎት፤ ግን ከዋናው በታች አይውረዱ።

በአንድ ጊዜ ካልቻሉ በየወሩ የሚከፍሉትን ወስነው የመጀመሪያውን ክፍያ ከደብዳቤው ጋር ይስጡ፤ ክፍያ የሌለው ደብዳቤ ሸክሙን ለአሠሪው ማሸከም ብቻ ይሆናል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ «እናንተ ዘንድ ስሠራ ይህን ያህል ገንዘብ ያለ ፈቃድ ወስጃለሁ። ይኸው መልሻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» «ችግር ላይ ስለነበርኩ» የሚል አይጨምሩበት። አብሮዎት የነበረ ሰው ካለ የእርሱን ስም አይጥሩ፤ የራስዎን ድርሻ ብቻ ይናገሩ። ነገሩ በሕግ የሚያስጠይቅ ከሆነ አስቀድመው የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፤ የምክሩ ጥያቄ ግን «እንዴት ልመልስ» ይሁን እንጂ «ልመልስ ወይስ ይቅር» አይሁን። አሠሪው ከሞተ ለወራሾቹ ይስጡ። ዘኍልቍ 5፥8 ወራሽ እንኳ ባይገኝ ገንዘቡ በበዳዩ እጅ እንዲቀር አይፈቅድም፤ ለእግዚአብሔር ተሰጥቶ ለካህኑ ይሁን ይላል። በእርስዎም ዘንድ ባለቤትም ወራሽም ከጠፋ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለድሆች ይስጡት፤ ሲሰጡም «የእኔ ስጦታ ነው» አይበሉ።