ዲስክና የዊንዶውስ ፈቃድ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲዛወሩ፦ ጥያቄና መልስ

ዲስክን ከአንድ ኮምፒውተር ነቅሎ ሌላው ላይ ስለመግጠም፣ እንዲሁም የዊንዶውስ ፈቃድ አብሮ ይሄድ ወይም አይሄድ እንደሆነ ለሚቀርቡ ጥያቄዎች መልስ እሰጣለሁ። ጠያቂዎች የዊንዶውሱን ስሪትና ፈቃዱ እንዴት እንደተገኘ ቢገልጹ መልሱ ያጥራል። ከሁሉ በፊት ግን ፋይሎቻችሁን ባክአፕ አድርጉ፤ የቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስክን የሚመሰጥርበት መሣሪያ) መክፈቻ ቁልፋችሁንም ከኮምፒውተሩ ውጭ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ የላፕቶፔ ስክሪን ስለተሰበረ ሌላ ላፕቶፕ አግኝቻለሁ። ኤስኤስዲውን ነቅዬ ብገጥመው ፈቃዴ አብሮ ይመጣል?

መልስ፦ አይመጣም፤ ምክንያቱም ፈቃዱ ዲስኩ ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚሸጡ ኮምፒውተሮች ቁልፋቸው በማዘርቦርዱ ፈርምዌር (በቺፑ ላይ በቋሚነት የተጻፈ ፕሮግራም) ውስጥ ተጽፎ ይመጣል። ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣው ዲጂታል ፈቃድም በማይክሮሶፍት ዘንድ የሚመዘገበው ከኮምፒውተሩ የሃርድዌር መለያ ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ በዚያ መለያ ውስጥ ዋናውን ቦታ የሚይዘው ማዘርቦርዱ ነው። የተቀበሉት ላፕቶፕ ለተመሳሳይ እትም፣ ማለትም ለሆም ወይም ለፕሮ፣ የራሱ ፈቃድ ካለው ግን የእርስዎ ዊንዶውስ ኢንተርኔት ሲያገኝ በዚያ ፈቃድ ራሱ አክቲቬት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፈቃዴ ኦኢኤም ይሁን ሪቴይል በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በኮማንድ ፕሮምፕት ላይ የፈቃድ ማሳያውን ትእዛዝ (ኤስኤልኤምጂአር፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ዲኤልአይ) ሲጽፉ ዓይነቱን የሚናገር መስኮት ይከፈታል። ኦኢኤም፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ጋር ተጭኖ የመጣ፣ ከሆነ ከመጀመሪያው ማሽን አይለይም። ሪቴይል፣ ማለትም ለብቻው የተገዛ፣ በአንድ ጊዜ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እስካለ ድረስ ይዛወራል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ከዊንዶውስ 7 በነጻ ማሻሻያ የተገኘ ፈቃድ መስኮቱ ላይ ሪቴይል ተብሎ ሊታይ ይችላል፤ የማዛወር መብቱን የሚወስነው ግን መነሻው የዊንዶውስ 7 ፈቃድ ነው።

ጥያቄ፦ ዲስኩን ገጠምኩት፤ አልሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «አልሠራም» ማለት ብዙ ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ይጻፉልኝ።

ጠያቂው፦ ሰማያዊ ስክሪን ሆኖ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል።

መልስ፦ አሁን መነጋገር እንችላለን። በእኔ ግምት፣ ዲስኩ ወይም ዊንዶውሱ ተበላሸ ተብሎ ያለ ጥፋቱ ፎርማት የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስህተት ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ አስቀድሞ የሚጭነው ቀድሞ ሲነሳበት የኖረውን የዲስክ መቆጣጠሪያ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ነው። የቀድሞው ማሽን ዲስኩን በኤኤችሲአይ ሲያስነብብ ኖሮ አዲሱ በሬይድ ወይም በቪኤምዲ የተስተካከለ ከሆነ (ሦስቱም ማሽኑ ዲስኩን የሚያነብባቸው ሞዶች ናቸው)፣ ዊንዶውስ ገና መነሳት ጀምሮ የራሱ ፋይሎች ያሉበትን ዲስክ ማየት ይሳነዋል። በአዲሱ ማሽን ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ የዲስኩን ሞድ ወደ ኤኤችሲአይ ይቀይሩት። በዚያው ማሽን ሌላ ዊንዶውስ ያለበት ሁለተኛ ዲስክ ካለ ግን፣ ይህ ለውጥ ያንኛውን በተራው እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል። አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ማለትም ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ከሆነ፣ ዲስኩን ከመንቀልዎ በፊት ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ (በመሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ) እንዲነሳ ያዝዙት፤ በአዲሱ ማሽን አንድ ጊዜ ከተነሳ በኋላ ወደ መደበኛው ይመልሱት።

ሰማያዊ ስክሪን ሳይመጣ ማሽኑ የሚነሳበት ዲስክ የለም የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዲስኩ በኤምቢአር (በአሮጌው የዲስክ አከፋፈል) የተከፋፈለ፣ ማሽኑም በአዲሱ የማስነሻ ሥርዓት በዩኢኤፍአይ ብቻ የሚነሳ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ኤምቢአርን ፋይል ሳያጠፋ ወደ ጂፒቲ፣ ማለትም ዩኢኤፍአይ ወደሚፈልገው አከፋፈል፣ የሚቀይር የራሱ መሣሪያ አለው። ባክአፕ ሳይያዝ አይሞከርም።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይበልጣል።

ሌላ አባል፦ እኔ አንዱን ዲስክ በ3 ማሽኖች ላይ አዘዋውሬ አንድም ችግር አላየሁም። ሊኑክስ ቢሆንማ ድራይቨሮቹ በአብዛኛው ከከርነሉ ጋር ስለሚመጡ ጥያቄውም ባልተነሳ።

የመጀመሪያው አባል፦ ችግር አላየህም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ የአሮጌው ማሽን ድራይቨሮች አሁንም እዚያው ተከማችተዋል።

መልስ፦ ጊዜ ያለው እንደ አዲስ ይጫን፤ ፕሮግራሞቹን መልሶ መጫን የማይችል ያዛውር። ስለ ሊኑክስ የተጠየቀ የለም።

ጥያቄ፦ ዲስኬን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ባዛውር ላይሰንሱ ይከተለኛል?

መልስ፦ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። እባክዎ ከላይ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሃርድ ዲስኩን ወደ ኤስኤስዲ ክሎን ባደርግስ?

መልስ፦ ማዘርቦርዱ እስካልተቀየረ ድረስ ፈቃዱ አይነካም።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ሳያስፈልግ አክቲቬት የሚያደርግ ፕሮግራም ያውቃሉ?

መልስ፦ በዚህ አልረዳም።

ጥያቄ፦ ዲስኩን ስገጥም 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ጠየቀኝ። ቢትሎከርን እኔ አብርቼው አላውቅም።

መልስ፦ ማስጠንቀቂያውን መላልሼ የምጽፈው ለዚህ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገቡ ዲስኩ ሳይጠየቁ ይመሰጠራል። መክፈቻውን የያዘው የአሮጌው ማሽን ቲፒኤም (የምስጠራ ቁልፍ የሚጠብቅ ቺፕ) ስለሆነ፣ ዲስኩ ከዚያ ማሽን ሲለይ ቁልፉን ከእርስዎ ይጠይቃል። በአካውንትዎ ውስጥ ይፈልጉት። አሮጌው ማሽን የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን መልሰው ይግጠሙና ምስጠራውን ያጥፉ። ሁለቱም ካልሆኑና ቁልፉ ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ ፋይሎቹን የሚያወጣ ባለሙያ የለም፤ አወጣለሁ ለሚልዎት ገንዘብ አይክፈሉ።

ጠያቂው፦ አካውንቴ ውስጥ 2 ቁልፎች አገኘሁ። የቱ ነው?

መልስ፦ ቁልፉን የሚጠይቀው ስክሪን የቁልፉን መለያ ያሳያል፤ አካውንትዎ ውስጥ ተመሳሳይ መለያ ያለውን ይጻፉ። ሲከፈት ሌላ ምንም ሳይነኩ ፋይሎቹን ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ።