ለቤት ኤርብራሽ የማይጮህ ኮምፕሬሰር፦ መጀመሪያ ታንኩን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ልድገመውና ልመልስ። ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምትኖሪው። ልጆች ከተኙ በኋላ ስኒከርና ትንንሽ ሞዴል መኪና በኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት በሚረጨው ትንሽ መሣሪያ) ትቀቢያለሽ። የማይጮህና ኪስ የማይጎዳ ኮምፕሬሰር ነው የፈለግሽው። ጎረቤትሽ ደግሞ ባለ 24 ሊትር ታንክ (አየር ማጠራቀሚያ) ኮምፕሬሰሩን ልሽጥልሽ ብሎሻል።

ከጎረቤትሽ ልጀምር። ተይው። እሱ ለጎሚስታና ለእንጨት ቤት የሚሆን ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው፣ በተለይ ያለ ዘይት የሚሠራው፣ ብዙ ጊዜ ከ80 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) በላይ ይጮኻል። ማታ ሲነሳ ልጆችሽ ብቻ ሳይሆኑ ብሎኩ በሙሉ ይነቃል። ያን ሁሉ አየርም አትፈልጊውም። ኤርብራሽ በአብዛኛው ከ15 እስከ 30 ፒኤስአይ ግፊት (ከ1 እስከ 2 ባር ገደማ) ይበቃዋል። 0.3 ሚሊ ሜትር ኖዝል (ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ) ያለው በደቂቃ 10 ሊትር ገደማ አየር ቢወስድ ነው።

ላንቺ የሚሆኑት ለኤርብራሽ ተብለው የሚሸጡት ትንንሾቹ ናቸው። ያለ ዘይት በፒስተን ይሠራሉ። ኤኤስ-186 የሚባለውን በተለያየ ስም ተለጥፎበት ታገኚዋለሽ። ባለ 3 ሊትር ታንክ ነው፤ 4 ባር ሲደርስ ራሱ ይጠፋል፣ 3 ባር ሲወርድ ይነሳል። ካርቶኑ ላይ 47 ዴሲቤል ይላል። እሱን የሻጭ ወሬ ነው ብለሽ ትንሽ ጨምሪበት። ግን 10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሯችን ድምፁን እጥፍ አድርጎ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ 55 እንኳ ቢሆን ከጎረቤትሽ ዕቃ ጋር አይወዳደርም።

ታንክ የሌለው ይረክሳል፤ እኔ ግን አልመክርሽም። ቀለም በረጨሽ ቁጥር ሞተሩ ይዞራል። ፒስተኑ በመታ ቁጥር አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጭን መስመር ስትስቢ ያስታውቃል። ሞተሩ ሲግል አየሩም ይሞቃል፤ ያ አየር ቱቦ ውስጥ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ይሆንና ጫማው ላይ ጠብ ይላል።

ታንክ አለው ማለት ግን ዝም ይላል ማለት አይደለም። ሂሳቡ ቀላል ነው። 3 ሊትር ታንክ ከ4 ወደ 3 ባር ሲወርድ የሚሰጥሽ 3 ሊትር አየር ነው። ሳታቋርጪ ከረጨሽ 20 ሰከንድ እንኳ አይቆይም። ደግነቱ እንደዚያ የሚረጭ ሰው የለም፤ ረጨት አድርገሽ ታያለሽ፣ ቀለም ትቀይሪያለሽ፣ ታደርቂያለሽ። ኪስሽ ከፈቀደ ባለ 6 ሊትሩ እጥፍ ዕረፍት ይሰጥሻል።

ሻጮች የማይነግሩሽ ነገር ከፍታውን ነው። አዲስ አበባ ከሆንሽ አየሩ ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በደቂቃ 20 ሊትር ይሰጣል የተባለው ማሽን እዚህ ታንኩን ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ ቶሎም ይግላል። በልክ የሚበቃሽን ሳይሆን ትንሽ የሚተርፈውን ግዢ።

የታችኛው ፎቅ ሰው የሚያማርረው ደግሞ በድምፁ ሳይሆን በወለሉ በሚተላለፈው ንዝረት ነው። ከሥሩ ወፍራም ጎማ ወይም ስፖንጅ አንጥፊ። ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው። ድምፁን ላፍነው ብለሽ ቁም ሣጥን ውስጥም እንዳትከቺው፣ ይቃጠላል። 3 ሜትር ቱቦ ገዝተሽ ማሽኑን ኮሪደር ላይ ብታቆሚው በጣም ይሻላል።

እዚህ አንዱ መጥቶ ከፍሪጅ ሞተር ኮምፕሬሰር አሠሪ ይልሻል። እውነት ነው፣ ከሁሉም ዝምተኛው እሱ ነው። ግን ከአየሩ ጋር ዘይት ይረጫል፤ ዘይት የነካው ቆዳ ደግሞ ቀለም አይዝም። የዘይት ማጣሪያ፣ የግፊት ማብሪያ ማጥፊያና ሴፍቲ ቫልቭ አሟልቶ የሚሠራ ባለሙያ ካላገኘሽ አትሞክሪው። አሮጌ የእሳት ማጥፊያን ታንክ አደርጋለሁ ከሚል ሰውማ ሽሺ።

ዘመድ ከአሜሪካ ላምጣልሽ ቢል 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ መሆኑን አትርሺ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ) አይቀይርም፤ ሞተሩ ደግሞ ለ60 ነው የተሠራው። ከዱባይ የሚመጣው እንደኛው 50 ኸርዝ ስለሆነ የሚለየው ሶኬቱ ብቻ ነው።

ስትገዢ እስከ 4 ባር አስሞይና አስጠፊው። ለ10 ደቂቃ ጌጁን እዪ። እየወረደ ከሄደ ያፈሳል፤ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቢ፣ የሚያፈሳው ቦታ ይታይሻል። አንዳንዱ በቴፍሎን ይድናል። ውሃ መያዣ ያለው ሬጉሌተር (ግፊት ማስተካከያ) መኖሩንም አረጋግጪ። ማታ ሥራ ስትጨርሺ ከታንኩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈታ አድርገሽ ውሃውን አውጪ፣ አለበለዚያ ከውስጥ ይዝጋል። መስኮት ክፈቺ፣ ማስክም አድርጊ፤ የውሃ ቀለም ነው ብለሽ አትናቂው፣ ልጆች አሉሽ።

የኤርብራሽሽ ኖዝል ስንት ቁጥር ነው? 0.5 ከሆነ ብዙ አየር ስለሚበላ ባለ 3 ሊትሩን ከመግዛትሽ በፊት ጻፊልኝ።