የቆሎ መጠቅለያ

ልጆቼ፣ እዚህ ሸዋ ሮቢት ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ከጡረተኛ ጓደኞቼ ጋር ቁጭ እንላለን። ወሬያችን ባቡር ነው። ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው መስመር በ2007 ዓ.ም. ሥራው ሲጀመር ከተማችን ራሷን የባቡር ከተማ አድርጋ ማየት ጀመረች። እናንተም መንገድ ላይ ታስቆሙኛላችሁ። «ጋሼ፣ ባቡሩ ሲመጣ ምን ሥራ ይሻለናል?»

እሱን ለጊዜው ተዉትና የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ታሪክ ጻፉልኝ።

ባቡር ጸሐፊ አያጣም። ሐዲዱ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. እንደደረሰ የትም ታገኙታላችሁ። የእኛን የመጀመሪያ ክፍል ጭቃ ማን ረገጠው? ጭዱን ማን አመጣ? ደወላችን ደሴ መንገድ ላይ የተበላሸ የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር። ዘበኛው በብረት ሲመታው ገበያ ድረስ ይሰማል። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ ልጁ ቀን በተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ማታ እናቱ ተቀምጣ ሀ ሁ ቆጠረች። ይሄ ሁሉ የት ተጽፏል?

ጥፋቴን ልናዘዝ። ርዕሰ መምህር ሳለሁ ዕቃ ቤቱ ሞላ። አይጥ የበላቸውን የድሮ መዝገቦች «ቆሻሻ ነው፣ አውጡልኝ» አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ መናኸሪያ ቆሎ ገዛሁ። የተጠቀለለበት ወረቀት የእኛ ሮስተር! የስድስት ልጆች ስም እስከ አያት፣ ከጎኑ የሒሳብ ውጤት፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ቆሎው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ተመልሼ ሴትየዋን ብጠይቃት ሌላውን ጨርሳዋለች።

ስለዚህ ቶሎ በሉ። ከርዕሰ መምህሩ አትጀምሩ፣ እሱ ይቀያየራል። ከዘበኛው፣ ለግንበኞቹ ውኃ ከቀዱት እናቶች ጀምሩ። ሽማግሌን «መቼ ነው?» ብትሉት «በጃንሆይ ጊዜ» ይላችኋል፣ በቃ። «ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ በፊት ነው በኋላ?» በሉት። ዘመቻው 1967 ነው፣ እሱን ማንም አይረሳም። «በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ክፍሉ ቆርቆሮ ነበረው?» በሉት። እንዲህ እያጠበባችሁ ዓመቱ ላይ ትደርሳላችሁ። ሁለት ሰው ካልተስማማ ሁለቱንም ጻፉ፣ ዳኛ አትሁኑ። ስልካችሁ ላይ ቅዱት ግን እዚያ አትተዉት። የእኔ ስልክ ስንቴ እንደተሰረቀ እናንተም ታውቃላችሁ።

ያቺ ወረቀት ዛሬም ዳዊቴ ውስጥ አለች። ከስድስቱ አምስቱን አግኝቻቸዋለሁ። አንዱ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፣ ስሙን አይቶ አለቀሰ። ስድስተኛዋ በሒሳብ 94 ያመጣች ልጅ ናት። አንዱ የክፍሏ ልጅ «ጣርማ በር ተድራ ሄደች» ይለኛል፤ ሌላው «ኧረ አጣዬ ናት» ይላል። ሁለቱንም ጽፌዋለሁ።