የክረምት ታሪፍ የሚባል አለ እንዴ?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ተከራይቼ ነው የምኖረው። በግቢው ሦስት ተከራዮች ነን፤ የመብራት ቆጣሪው ግን አንድ ነው፣ ሂሳቡን እኩል እንካፈላለን። ከሐምሌ ወዲህ የኔ ድርሻ ከፍ ብሎ መጣ። አከራያችንን ስጠይቃቸው «የክረምት ታሪፍ ነው ልጄ» አሉኝ። እውነት ነው? ሌሊት መጋገርስ ይረክሳል?

መልስ፦ እህቴ፣ የክረምት ታሪፍ የሚባል የለም። ለመኖሪያ ቤት የሚከፈለው የመብራት ዋጋ ክረምት ከበጋ፣ ቀን ከሌሊት አይለይም። ስለዚህ ለእንጀራ ብለሽ እንቅልፍሽን አትጪ።

ግን አከራይሽ ሆን ብለው ዋሹ ማለቴ አይደለም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ነው፣ ይህም የአራት ዓመት ዕቅድ ነው። ያው ሲጨምር ከዝናቡ ጋር ይገጣጠምና ሰው በክረምቱ ያሳብባል።

ትልቁ ጉድ ያለው የጋራ ቆጣሪው ላይ ነው። ታሪፉ በእርከን ነው የተሠራው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በጣም ርካሹን ይከፍላል፣ ከዚያ ወዲያ እየወደደ ይሄዳል፣ በወር ከ200 ካለፈ ደግሞ ቫትም ይጨመርበታል። ቆጣሪው ሦስት ቤት መሆናችሁን አያውቅም። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በሳምንት ሁለቴ ከጋገርሽ በወር 56 ሆነ ማለት ነው። ሦስታችሁም እንዲህ ከጋገራችሁ አምፖል ሳይበራ፣ ፍሪጅ ሳይሰካ 168 ደረሳችሁ። ብቻሽን ብትሆኚ ኖሮ ታችኛው እርከን አካባቢ ትቀሪ ነበር፣ በጎረቤቶችሽ ምጣድ ግን ላይኛው ላይ ወጣሽ።

ክረምቱ እዚህ ላይ ይገባል። ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ቦይለሩ ረጅም ሰዓት ይሠራል፣ ልብስ አልደርቅ ሲል ካውያ ይወጣል (እኔ ራሴ ነሐሴ ላይ ካልሲ በካውያ የማደርቅ ሰው ነኝ)፣ ጳጉሜ ላይ ደግሞ የበዓል ጋገራ አለ። አንድ ባለ 1.5 ኪሎዋት ቦይለር በቀን አንድ ሰዓት ቢበራ በወር 45 ጨመረ። የ200ዋ መስመር እንዲህ ነው የምትዘለለው።

አሁን አከራይሽን የመብራቱን ቢል አሳዩኝ በያቸው። ብሩን ተዪውና ያለፈውንና የአሁኑን የቆጣሪ ንባብ እዪ። የኪሎዋቱ ልዩነት እንደ ድሮው ሆኖ ብሩ ብቻ ከጨመረ ታሪፉ ነው፤ ኪሎዋቱም ካደገ እናንተው ናችሁ። ንባቡን ከግድግዳው ቆጣሪ ጋርም አስተያዪው፣ አንዳንዴ በግምት ይሞላና በቀጣዩ ወር ተጠራቅሞ ዱብ ይላል።

እኩል መካፈሉንም ተዉት። ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ በኤሌክትሪሻን ማስገባት ይቻላል፤ እርከኑን ባያወርድላችሁም ቦይለር ያለው የቦይለሩን ይከፍላል። እርከኑ የሚወርደው የየራሳችሁ ቆጣሪ ሲኖር ነው፣ ለዚህ ግን ማመልከት ያለባቸው አከራይሽ ናቸው። ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው።